ድምፄን ለመለወጥ የወሰንኩበት መንገድ

ስወለድ ሴት ተብዬ ተመዘገብኩ፤ በሰማንያ ቀኔ ክርስትና ተነሣሁ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በሰንበት ትምህርት ቤት ከእኅቶች ጎን ቆሜ ዘመርኩ። አሁን የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ትራንስ ወንድ ነኝ። ይህን ካወቅኩ ዓመታት ቢያልፉም የወንድ ሆርሞን የሆነውን ቴስቶስተሮን ልጀምር ወይስ ይቅርብኝ የሚለው ነገር እንቅልፍ ነሥቶኝ ቆየ። ሆርሞን ሳይነኩ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚኖሩ ትራንስ ወንዶች አሉ፤ ማንም ከወንድነታቸው ሊቀንስባቸው አይችልም። ግዴታ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ምርጫ መሆኑ ነው ያስጨነቀኝ።

ብዙ ጊዜዬን የበላው “በእውነት ወንድ ነኝ ወይ?” የሚለው ጥያቄ ነበር። ለዚህ የሚሆን የደም ምርመራ የለም፤ ሌሊት ሲጠየቅና ቀን ሲጠየቅም መልሱ አንድ አይሆንም። የረዳኝ ጥያቄውን መሸንሸን ነው። ወፍራም ድምፅ እፈልጋለሁ? ጢምስ? ብጉር ቢወረኝ እችለዋለሁ? መላጣ ብሆንስ? እያንዳንዱን በወረቀት ላይ ጻፍኩና ከጎኑ መድኃኒቱን ባቆም ይመለስ እንደሆነ አሰፈርኩ።

ድምፅ አንዴ ከጎረነነ አይመለስም። ለውጡ የሚጀምረው በአብዛኛው በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ነው። ጢም ሞልቶ ለመውጣት ዓመታት ይፈልጋል፤ ከበቀለ በኋላ ግን መድኃኒቱ ቢቆምም አብዛኛው ይቀራል። ቂንጥር ያድጋል፤ እሱም ወደ ቀድሞው አይመለስም። የወር አበባ ብዙ ጊዜ በስድስት ወር ውስጥ ይቆማል፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ግን ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። የጡንቻ መጨመርና የስብ ከዳሌ ወደ ሆድ መዞርም ሲያቆሙት ቀስ በቀስ ይቀለበሳል። ጡት አይጠፋም፤ ለዐዋቂ ሰው ቁመት አይጨምርም። መላጣነት በዘር ነው፤ በእኛ ቤት ደግሞ የአባቴም የእናቴም ወንድሞች ራሳቸው ላይ ፀጉር የላቸውም። እዚህ መስመር ላይ “ይሁን” ብዬ ጻፍኩ።

አነስ ባለ መጠን መጀመር ይቻል እንደሆነ ሐኪሜን ጠየቅኳት። ይቻላል፤ ለውጡም ቀስ ብሎ ይመጣል። ነገር ግን ድምፁን ሰጥቶ ጢሙን የሚያስቀር፣ ወይም ጡንቻውን ሰጥቶ ብጉሩን የሚተው መጠን የለም። ፍጥነቱን እንጂ ዓይነቱን መምረጥ አይቻልም። ይህን ስሰማ ተናደድኩ፤ በኋላ ግን ውሳኔውን አቀለለልኝ። ሙሉውን ጥቅል ተመልክቼ “እወስዳለሁ” ወይም “አልወስድም” ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ።

ጄል ወይስ መርፌ የሚለው በቶሎ አለቀ። ጄሉ በየቀኑ ቆዳ ላይ ይቀባል፤ ሳይደርቅና ሳይሸፈን ሌላ ሰው ከነካው ወደዚያ ሰው ይተላለፋል፤ በተለይ ለሕፃናት አደገኛ ነው። የምኖረው ከእኅቴ ጋር ነው፤ ልጇ ደግሞ ገና ከሥራ ስገባ አንገቴ ላይ የምትንጠለጠል ናት። በየሳምንቱ ከቆዳ ሥር የሚወጋውን መርፌ መረጥኩ።

ልጅ የመውለድ ነገር እንዲህ በቀላሉ አላለፈም። ቴስቶስተሮን የወር አበባን ቢያቆምም የእርግዝና መከላከያ አይደለም፤ እየወሰዱ ማርገዝ ይቻላል፤ ፅንሱንም ሊጎዳ ይችላል። መድኃኒቱን አቁመው የወለዱ ሰዎች አሉ፤ ለሁሉም እንደሚሳካ ግን ማንም ቃል አይገባም። ዋስትና የፈለገ ከመጀመሩ በፊት እንቁላሉን አውጥቶ በቅዝቃዜ ማስቀመጥ ይችላል፤ ዋጋው ግን በሺዎች ዶላር ነው፤ ለእኔ የማይታሰብ ነበር። እናቴ የልጅ ልጅ ትፈልጋለች። እኔስ እፈልግ እንደሆነ ራሴን ስጠይቅ የመለሰልኝ የእሷ ድምፅ ነበር፤ የራሴን ለመስማት ወራት ፈጀብኝ። ማርገዝ እንደማልፈልግ፣ ማሳደግ ግን እንደምወድ ስረዳ መስመሩን ዘጋሁት።

በዚህ መካከል አንድ ነገር ገባኝ። ወረቀቱ ላይ የጻፍኩት ግማሹ የሰውነቴ ጉዳይ አልነበረም። “ጎረቤት ምን ይላል”፣ “ቤተ ክርስቲያን በየትኛው በር እገባለሁ”፣ “እማዬ በስልክ ድምፄን ብታጣው” የሚሉት ሁሉ ከጢምና ከብጉር ጋር ተደባልቀው ተቀምጠዋል። ሌላ ወረቀት አወጣሁና ለያየኋቸው። ማንም በማያውቀኝ ከተማ ብኖር መድኃኒቱን እጀምራለሁ? የሰውነት ወረቀቱ በአንድ ምሽት መለሰልኝ፦ አዎ። የሰዎች ወረቀት ግን እስካሁን ያልተዘጉ መስመሮች አሉት። የሰው ፍርሃት ከንቱ ነው የሚሉ አማካሪዎችን አልወድም፤ እነሱ ዕድርም ለቅሶም የለባቸውም።

ከሁሉ የከበደኝ የለቅሶው ነገር ነበር። ዘመድ ሞቶ ለቅሶ ለመድረስ፣ ጢም አውጥቼ፣ ጎርናና ድምፅ ይዤ፣ የሴት ስምና ፎቶ ያለበት ፓስፖርት በእጄ ቦሌ ብወርድ ምን ይገጥመኛል? የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸምን የግብረ ሥጋ ግንኙነት ይቀጣል፤ ስለ ትራንስ ሰው የሚለው የለም። የሚጠረጥርህ ሰው ግን አንቀጽ አንብቦ አይደለም የሚጠረጥርህ። በአሜሪካ ፓስፖርት ላይ ጾታን አስተካክሎ መጓዝም እ.ኤ.አ. በጥር 2025 በወጣው ፕሬዚዳንታዊ ትዕዛዝ ምክንያት ተዘጋ። ስለዚህ ከመጀመሬ በፊት አገር ቤት ሄጄ ዘመድ ሁሉ ዞሬ ጠየቅኩ። ለምን እንደመጣሁ ለማንም አልተናገርኩም። ገንዘቡ ካለ ይህን ለሌላውም እመክራለሁ፤ በር ሳይዘጋ ደርሶ መመለስ ከብዙ ጸጸት ያድናል።

የሕክምናው ሂደት ከፈራሁት ቀሏል። ብዙ ክሊኒኮች ለዐዋቂ ሰው የሥነ ልቦና ባለሙያ ደብዳቤ አይጠይቁም፤ ጥቅሙንና ጉዳቱን አስረድተው ያስፈርማሉ። በሜሪላንድ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሆን የመንግሥት የጤና መድን) ላለው ሰው እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ ወጪውን እንዲሸፈን አድርጓል። አስቀድሞ ደም ይመረመራል፤ በመጀመሪያው ዓመትም በየሦስት ወሩ ገደማ ይደገማል። ከሚጠበቁት አንዱ ሄማቶክሪት፣ ማለትም ቀይ የደም ሴል በደም ውስጥ ያለው ድርሻ ነው፤ ቴስቶስተሮን ቀይ የደም ሴል ስለሚያበዛ ቁጥሩ ከ54 በመቶ ካለፈ መጠኑ ይቀነሳል ወይም ይቆማል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ከሌላው የበለጠ ይጠንቀቅ።

ፋርማሲው ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። ቴስቶስተሮን በአሜሪካ ልዩ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መድኃኒቶች አንዱ ስለሆነ መታወቂያ ሊጠየቅ ይችላል። በሰፈሬ ፋርማሲዎች የአገር ልጅ ስለሚበዛ ራቅ ያለ መረጥኩ፤ እዚያም ከመስኮቱ ጀርባ የቆመችው አበሻ ሆና አገኘኋት። ስሜን አነበበች፣ ጠርሙሱን አየች፣ ቀና ብላ አየችኝ። ልቤ ቆመ። “ራስዎን ወግተው ያውቃሉ ወይስ ላሳይዎት?” አለችኝ በአማርኛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። መድኃኒቱ የሚቀዳበትን ወፍራም መርፌና የሚወጋውን ቀጭን መርፌ ለይታ አሳየችኝ፤ ያገለገለውን የምጥልበት ቀይ ሣጥንም ጨመረችልኝ። ከዚያ ወዲህ የምሄደው እሷ ዘንድ ነው።

ድምፄ መሰበር ሲጀምር እናቴ ጉንፋን ነው አለች። በመንገደኛ ሁሉ ደረቅ ዳማከሴና ጤና አዳም ትልክ ጀመር፤ ቁም ሣጥኑ ሞላ። ዳማከሴው በመጣ ቁጥር ውሸቱ ሊቀጥል ነው ብዬ አንድ እሑድ እኅቴን አጠገቤ አስቀምጬ ደወልኩ። መድኃኒት እንደምወስድ፣ ድምፄ እንደማይመለስ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የተሰማኝን ሁሉ ነገርኳት። ዝም አለች። እኅቴ “እማዬ፣ አለሽ?” አለቻት።

“አለሁ። ሐኪምሽ አበሻ ናት?”

“አይደለችም፤ ፈረንጅ ናት።”

“ተመስገን” አለች እናቴ።