የአጎቴን ድንች በሽታ ፍሪጅ ውስጥ ከትቼ የሚዋኝ ስፖር ያየሁበት ታሪክ

ሐምሌ ላይ ሰከላ አጎቴ ጋ ስሄድ የድንቹ ቅጠል ጠቁሮ፣ ሽታው ራሱ ተቀይሮ አገኘሁት። "ውርጭ ነው የመታው" አለኝ። እኔ ደሞ የባዮሎጂ አስተማሪነቴ መጣና "በሐምሌ ምን ውርጭ አለ፣ ፈንገስ ነው እንጂ" አልኩት። ሁለታችንም ተሳስተናል፣ የኔ ግን ይብሳል፣ ተምሬበታለኋ።

አምስት ስድስት ቅጠል በፌስታል ይዤ ባህር ዳር ገባሁ። ሰሃን ላይ ሶፍት አርጥቤ፣ የቅጠሉን ጀርባ ወደ ላይ አድርጌ ከድኜ አሳደርኩት፣ ጠዋት ጥቁሩ ጠርዝ ላይ ነጭ ሻጋታ መሳይ በቅሏል። በመርፌ ጫፍ ነካ አድርጌ ውሃ ውስጥ ከተትኩና በማይክሮስኮፕ ሳየው ሎሚ የሚመስሉ ከረጢቶች አሉ፣ ግን ከውስጣቸው ወጥቶ የሚዋኝ ስፖር (እንደ ዘር የሚራባበት ረቂቅ ህዋስ) የለም! ከሰዓት ቀጭን ክር አውጥተው እንደ ዘር በቅለዋል፣ በቃ።

ለካ ነገሩ ሙቀት ነው። ፋይቶፍቶራ የሚባለው ይሄ ፍጥረት ውሃው ሲቀዘቅዝ ከረጢቱን ከፋፍሎ ዋናተኛ ስፖር ይለቃል፣ ከ20 ዲግሪ በላይ ሲሆን መዋኘቱን ትቶ በቀጥታ ይበቅላል፣ የባህር ዳርን ሙቀት ደሞ ታውቁታላችሁ። በሁለተኛው ሙከራ ከረጢቶቹ ያሉበትን ውሃ በብልቃጥ ፍሪጅ ውስጥ 2 ሰዓት አቆየሁት (ፍሪዘር አይደለም፣ አንዱን እዛ ከትቼ ገድያለሁ) ከዛ አውጥቼ ትንሽ ጠብቄ ሳየው ስላይዱ ላይ እየተሽከረከሩ ይራወጣሉ፣ ብቻዬን ጮህኩ።

ፈንገስ ነው ያልኩት የወደቀው እዚህ ጋ ነው። ከእውነተኛ ፈንገሶች የሚዋኙት፣ ኪትሪድ የሚባሉት፣ ከኋላ የሚገፋ አንድ ጅራት ነው ያላቸው፣ እንደ ወንድ ዘር። እንጉዳይና የስንዴ ዋግ ያንን ጅራት በዝግመተ ለውጥ ጥለው ስፖራቸውን ለንፋስ ሰጡ። የድንቹ በሽታ ስፖር ግን ሁለት ጅራት አለው፣ ዘመዱም የባህር አልጌ ነው። ብዙ ፈንገስ አብዛኛውን ዕድሜውን በነጠላ የክሮሞዞም (የዘረመል ተሸካሚ) ስብስብ ሲኖር ይሄኛው እንደኛ በጥንድ ነው። ክር ሆኖ መብቀሉ ብቻ ነው ያመሳሰላቸው።

አጎቴ ደሞ ከስንዴ ዋግ የተረፈውን መድኃኒት ድንቹ ላይ ረጭቶ ነበር። ያ መድኃኒት የሚያጠቃው ፈንገስ የሚሰራውን ኤርጎስቴሮል የሚባል ቅባት ነው፣ ፋይቶፍቶራ ጭራሽ አይሰራውም፣ ብሩ ውሃ በላው ማለት ነው።

ደውዬ ስነግረው ትንሽ ዝም አለና "ታዲያ የሚዋኝ ከሆነ ዝናቡ አፈር ውስጥ ወዳለው ድንች አያወርደውም?" አለኝ። ያወርደዋል አጎቴ፣ አፈሩን ከፍ አድርገህ አስታቅፈው አልኩት።