ጅራቱን በሁለት ጣት

አውሮፕላኑ ለሦስተኛ ጊዜ ሣሩ ላይ ሲተከል ማንም አልሳቀም። መጀመሪያ ሲወድቅ ልጆቹ ስቀው ነበር። አሁን ግን ዝም አሉ። ክረምቱን ሙሉ ቆርጠው፣ አጣብቀው፣ ቀለም ቀብተው የሠሩት ነገር ነው። ለማብረር የተፈቀደልን ደግሞ ሁለት ቅዳሜ ብቻ ነበር። አንዱ አለቀ።

እኔ በአንድ ማሠልጠኛ የኤሌክትሮኒክስ ቴክኒሽያን ነኝ። በዚያ ክረምት ከተማሪዎቹ ጋር የሠራነው በሪሞት የሚበር የፎም አውሮፕላን ነው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1 ሜትር ከ20፣ ወርዱ 20 ሴንቲ ሜትር። የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ባትሪ፣ ተንቀሳቃሽ ክፍሎቹን በሽቦ የሚገፉና የሚስቡ ሰርቮ የሚባሉ ትንንሽ ሞተሮች። ጠቅላላ ክብደቱ 750 ግራም። ነጩን ፎም ከመርካቶ ገዝተን በጋለ ሽቦ ቆረጥነው። ሱፐር ግሉ ፎም ስለሚበላ ሁሉንም በሆት ግሉ አጣበቅነው። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ ሥራው ንጹሕ ነበር።

ችግሩ እንዲህ ነው። በእጅ ስንወረውረው ይነሣል። ጋዝ፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት፣ ስጨምርለት አፍንጫውን ወደ ላይ ይሰቅላል። የሪሞቱን ስቲክ (ማዘዣ ዘንጉን) ገፍቼ ወደ ታች ሳዘው እምቢ ይላል። ስቤ ወደ ላይ ሳዘው ግን እሺ ይላል። አፍንጫው ተሰቅሎ ተሰቅሎ ፍጥነቱ ያልቅና ቁልቁል ይመጣል።

ኃላፊያችን አንዴ አይተው "ጅራቱ ከብዷል" አሉ። ጅራቱ የከበደ አውሮፕላን እውነትም እንዲህ ያደርጋል። ግን ሚዛኑን፣ ማለትም በጣት ሲደገፍ ሳያጋድል የሚቆምበትን ቦታ፣ ቀድመን ለክተናል። ከክንፉ የፊት ጠርዝ 5 ሴንቲ ሜትር ተኩል ላይ ነበር። ለ20 ሴንቲ ሜትር ክንፍ ከ5 እስከ 6 ባለው ውስጥ ከሆነ ጥሩ ነው። ይህንኑ ነገርኳቸው። "ቢሆንም ጨምርበት" አሉኝ። 90 ግራም ብሎንና ዳዶ አፍንጫው ውስጥ አጣበቅን።

አፍንጫው ትንሽ ረገብ አለ። ደስ አለን። ለማሳረፍ ጋዝ ስቀንስ ግን ግራ ክንፉ ድንገት ከዳው። ሦስተኛው አወዳደቅ ይህ ነው።

"የከፍታው ነገር ነው" አሉ ኃላፊያችን። "ሱሉልታ ነው ያለነው። አየሩ ስስ ነው።"

ይህም ውሸት አይደለም። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሯ ከባሕር ጠለል አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሱሉልታ ደግሞ ከአዲስ አበባም ከፍ ይላል። እዚህ አንድ አውሮፕላን ሳይወድቅ ሊበርበት የሚችለው ዝቅተኛ ፍጥነት ከ10 በመቶ በላይ ይጨምራል። 90 ግራሙ ደግሞ 6 በመቶ ገደማ ጨመረበት። ቀስ አድርጌ ላሳርፍ ስል ክንፉ የተሸነፈው ለዚህ ነው። ግን ከፍታው እኛ ሳንመጣም እዚያው ነበር። አዲሱ ነገር ብሎኑ ነው።

ሰኞ ዎርክሾፕ ውስጥ የተሰበረውን ስንጠግን አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ አጠገቤ ነበረች። ብዙ አታወራም። የጅራቱን ኤሌቬተር (አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ተንቀሳቃሽ ክፍል) በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ያዝ አደረገችው።

"ቲቸር፣ እስቲ ስቲኩን ወደ ታች ይግፉት።"

ገፋሁት። ሰርቮው ዝዝዝ አለ። ኤሌቬተሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ከሰርቮው እስከ ጅራቱ የተዘረጋው ሽቦ እንደ ቀስት ጎበጠ።

"አሁን ይሳቡት።"

ሳብኩት። ኤሌቬተሩ ጣቶቿን ይዞ ወደ ላይ ሄደ።

አምስት ጊዜ ደጋገምነው። ያው ነው። ስንስብ ይሄዳል፣ ስንገፋ ይጎብጣል። ሽቦው 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመት አለው፤ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ነው። መሐሉ ላይ ምንም የሚደግፈው የለም። እንዲህ ያለ ሽቦ ሲሳብ ብርቱ ነው፣ ሲገፋ ግን ይልፈሰፈሳል። ከእያንዳንዱ በረራ በፊት እኔ ራሴ ፈትሼዋለሁ። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ቀኝ፣ ግራ። ሁሉም በደንብ ይንቀሳቀስ ነበር።

"መሬት ላይ ሲፈተሽ ማንም አይዘውም" አለች። "እዚያ ላይ ግን ነፋሱ ይይዘዋል።"

ይቺን ዐረፍተ ነገር እስካሁን አልረሳኋትም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የነፋሱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ጋዝ ስጨምር እምቢ የሚለው ለዚህ ነበር።

ኃላፊያችን በር ላይ ቆመው ያያሉ። "ትንሽ ሰርቮ እኮ ነው፤ በእጅ ከያዝሽው ይቆማል" አሏት።

"ሰርቮው አልቆመም። ሽቦው ነው የጎበጠው" አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"አንቺ ልጅ፣ እኔ ይሄን ሥራ ስጀምር አንቺ አልተወለድሽም።"

ኤሌቬተሩን ለቀቀችው። እጇን በዩኒፎርሟ ጠረገች። ወደ ሌላው ጠረጴዛ ሄዳ የፎም ቁርጥራጭ መሰብሰብ ጀመረች። እኔ ሪሞቱን እንደያዝኩ ዝም አልኩ። ልክ መሆኗን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ቃል መናገር ነበረብኝ። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

በማግስቱ ከሥራ ሰዓት በፊት ገብቼ ጠበቅኳት። ይቅርታ ጠየቅኳት። "ልክ ነሽ፤ እንሥራው" አልኳት። ከቦርሳዋ ቀለማቸው ያለቀ ሦስት እስክሪብቶዎች አወጣች። ለካ አስባበት ነው የመጣችው። ቀሰማቸውን መዝዘን ቆረጥን። ሽቦውን በሦስቱ ቀሰሞች ውስጥ አሳለፍን። ቀሰሞቹን በእኩል ርቀት የአውሮፕላኑ ጎን ላይ በሆት ግሉ አጣበቅን። ሽቦው ውስጥ ለውስጥ እንደልቡ ይንሸራተታል፣ ወደ ጎን ግን መጉበጥ አይችልም። ኤሌቬተሩን በሁለት ጣቷ ያዘችው። ስቲኩን ገፋሁ። ጣቶቿን ይዞ ወደ ታች ሄደ። ያን ጊዜ ፈገግ አለች።

ብሎኖቹን አንድ በአንድ ነቅለን አወጣን። ሚዛኑ ወደ 5 ተኩል ተመለሰ።

ሁለተኛው ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሱሉልታ ነበርን። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፣ ግን ነፋስ የለም። ጋዝ ሰጠሁት። አፍንጫው ትንሽ ቀና ሲል ወደ ታች ገፋ አደረግኩት። እሺ አለ። ሰባት ደቂቃ በረረ። ሳሳርፈው ጋዙን ሙሉ በሙሉ አልዘጋሁትም፤ የከፍታው ነገር እውነት ስለሆነ ከለመድኩት ፈጠን አድርጌ ነው ያወረድኩት። ሣሩ ላይ ተንሸራትቶ ቆመ። ልጆቹ እየጮኹ ሮጡ። እሷ ቀድማ ደርሳ ያየችው ሽቦውን ነው።

የሥልጠናው ሪፖርት ከሁለት ሳምንት በኋላ ወጣ። "ከከፍታ ጋር የተያያዘው ችግር ሚዛን በማስተካከል ተፈቷል" ይላል። ኃላፊያችን ቢሮ ገብቼ እንዲታረም ጠየቅኩ። የተማሪዋ ስም መግባት አለበት አልኩ። "ያው በረረ አይደል?" አሉኝ። ሪፖርቱ እንዳለ ሄደ።

አውሮፕላኑ አሁን ኮሪደራችን ላይ ተሰቅሏል። ከጎኑ ሦስቱ ቀሰሞች ይታያሉ። አንደኛው ውስጥ ያልጠራ ሰማያዊ ቀለም አለ። አዲስ ሠልጣኞች ሲመጡ "ይሄ ምንድን ነው?" ይላሉ። አወርደውና ባትሪውን እሰካለሁ። ማን እንዳገኘችው እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ተራ በተራ ጅራቱን በሁለት ጣት አስይዛቸዋለሁ።