«እንግዶቹ»፦ ለአባቴ በአማርኛ የጻፍኳቸው 22 ክፍሎች

አባቴ እግራቸው ተሰብሮ አራት ወር እኔ ቤት ተቀምጠው ነበር። ጀሶው እስከ ጉልበታቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው፤ አንድ ቦታ መቀመጥ አይችሉበትም። ቀኑ በጠያቂና በዜና ያልፋል። ማታው ግን ይረዝምባቸዋል። እኔ ደግሞ ማታ ማታ የሳይንስ ልቦለድ ፊልም ማየት እወዳለሁ። አንድ ቀን «ቪ» የሚባለውን የአሜሪካ ተከታታይ ስከፍት አጠገቤ ነበሩ። ግዙፍ መንኮራኩር ማንሃተን ላይ ቆሞ ሰማዩን ሸፍኖታል። ሆዱ ቀስ ብሎ ይለወጥና የአንዲት ቆንጆ ሴት ፊት ይሆናል። ሴትየዋ ፈገግ ብላ መናገር ትጀምራለች።

«ምን እያለች ነው?» አሉኝ።

«አትፍሩን፣ በሰላም ነው የመጣነው እያለች ነው።»

«ቆይ፣ አቁሚው እስቲ። ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

በአፍ እየተረጎምኩ አንድ ክፍል አየን። አልሆነም። አንዱን ንግግር ተርጉሜ ሳልጨርስ ሌላው ያልፋል፤ ድምፄ የተዋንያኑን ድምፅ ይሸፍናል፤ አባቴ ደግሞ ፊልሙን ትተው እኔን ያያሉ። በማግስቱ ሰብታይትል፣ ማለትም ከምስሉ ሥር የሚነበብ ትርጉም፣ ልጽፍላቸው ወሰንኩ። እንዴት እንደሆነ የማውቀው ነገር አልነበረም። ከ22ቱ ክፍሎች በኋላ የተማርኩትን ነው የማካፍላችሁ። ለወላጁ ወይም ለአያቱ ይህን ማድረግ የሚፈልግ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ።

ስለ ተከታታዩ ጥቂት ልበል። «ቪ» ሁለት ጊዜ ነው የተሠራው። የመጀመሪያውን ኬኔዝ ጆንሰን ጽፎ አዘጋጀው፤ እ.ኤ.አ. በሜይ 1983 በኤንቢሲ ቴሌቪዥን በሁለት ማታ ታየ። የጆንሰን መነሻ የሌላ ዓለም ፍጡር አልነበረም። ፋሺዝም አሜሪካን ቢይዛት ተራው ሰው ምን ያደርጋል የሚል ጥያቄ ነበር። ስለዚህ ነው ከሌላ ዓለም የመጡት የእንግዶቹ ዩኒፎርምና ዓርማ ናዚዎችን የሚያስታውሰው። በ1984 ሦስት ማታ የሚሆን ቀጣይ ታየ፤ ከዚያ የመጣው ሳምንታዊ ተከታታይ ግን 19 ክፍል ላይ ታሪኩ ሳያልቅ ቆመ። እኔ የያዝኩት ሁለተኛውን ነው። ኤቢሲ የሚባለው ጣቢያ ኖቬምበር 3 ቀን 2009 ጀመረው። መንኮራኩሮቹ በ29 ከተሞች ላይ ይቆማሉ፤ መሪያቸው አና በሽተኛ እንፈውሳለን፣ ቴክኖሎጂ እንሰጣለን ትላለች። ከሰው ቆዳቸው ሥር ግን የእንሽላሊት ቆዳ አለ፤ ብዙዎቹም ከዓመታት በፊት ጀምሮ በመካከላችን ይኖሩ ነበር። የመጀመሪያውን ማታ 14 ሚሊዮን ያህል ሰው አየው። ጣቢያው ግን አራት ክፍል ብቻ አሳይቶ እስከ ማርች መጨረሻ አቋረጠው። ታሪኩ ገና መሞቅ ሲጀምር ተመልካችን አራት ወር ማስጠበቅ ትልቅ በደል ነው፤ እኔ እንደማስበው ተከታታዩን የጎዳው አንዱ ይህ ነው። በሁለተኛው ሲዝን ተመልካቹ ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር፤ በሜይ 2011 ተሰረዘ።

ወደ ሥራው ልመለስ። ሰብታይትል ኤዲት የሚባል ነፃ ፕሮግራም ኮምፒውተሬ ላይ ጫንኩ። የእንግሊዝኛውን ሰብታይትል ከፍቼ በየመስመሩ አማርኛውን እተካለሁ። የመጀመሪያው ክፍል ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። በደስታ በፍላሽ ገልብጬ ቴሌቪዥኑ ላይ ስሰካው፣ ከሥር የመጣው የሳጥን ድርድር ነው። አንድም ፊደል የለም። ቴሌቪዥኑ የግዕዝ ፊደል አያውቅም። መጀመሪያ ላፕቶፑን በኬብል አገናኝቼ አለፍነው። በኋላ ሃንድብሬክ በሚባል ሌላ ነፃ ፕሮግራም ጽሑፉን ምስሉ ላይ አተምኩት፤ እንዲህ ከሆነ የትም ስትወስዱት ይነበባል። ፋይሉን ስታስቀምጡ ዩቲኤፍ-8 የሚባለውን፣ የግዕዝ ፊደል የሚይዘውን አቀማመጥ፣ መምረጥ እንዳትረሱ። አንድ ማታ ያንን ረስቼ የሦስት ሰዓት ሥራ ሙሉ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ጠበቀኝ።

ትልቁ ትምህርት የመጣው ግን ከአባቴ አነባበብ ነው። አባቴ ድምፅ አውጥተው ነው የሚያነቡት። ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ እያንቀሳቀሱ፣ ቃል በቃል። የመጀመሪያውን ማታ አንዱን ጽሑፍ ግማሽ ሳያደርሱ ይጠፋባቸው ነበር። «ሮጠብኝ» ይላሉ። ለካ እንግሊዝኛው ያለውን ሁሉ ማስገባት እንደ ታማኝነት ቆጥሬው ነበር። ከዚያ በኋላ በአንድ መስመር ከ24 ፊደል እንዳያልፍ፣ ከሁለት መስመር እንዳይበልጥ፣ ከሦስት ሰከንድ በታችም እንዳይቆይ ወሰንኩ። አማርኛ ለዚህ ይመቻል። «አልነገርኩህም» ስንል ማን፣ ለማን፣ ምን እንዳላደረገ ሁሉ አንድ ቃል ውስጥ አለ። ተውላጠ ስሙን አወጣሁት፣ በየንግግሩ የሚደጋገመውን ስም አወጣሁት። ጽሑፉ ሲቀንስ አባቴ ፊት ማየት ጀመሩ። የአናን ፈገግታ አይተው «ዓይኗ አይስቅም» ያሉኝ በሦስተኛው ክፍል ነው።

ግሳችን መጨረሻ ላይ መምጣቱ ግን ይፈትናል። በመጀመሪያው ክፍል ጥቂት ሰዎች መጋዘን ውስጥ በስውር ይሰበሰባሉ። ሰው መሆናቸውን ለማረጋገጥ ከጆሮ ጀርባ ቆዳቸው እስከ አጥንት ይሰነጠቃል። እንግዶቹ ድሮም እዚሁ እንደነበሩ የሚሰማው እዚያ ነው። እኔ አንዱን ዓረፍተ ነገር ለሁለት ከፍዬው ነበር፤ መጀመሪያ «እንግዶቹ የመጡት ዛሬ» ይላል፣ ቀጥሎ «አይደለም» ይመጣል። አባቴ የመጀመሪያውን አንብበው «አዎ፣ ዛሬ ነው የመጡት» ብለው ወደ ሻያቸው ዞሩ። ትልቁ ምስጢር አመለጣቸው። «ድሮም እዚሁ ነበሩ» ብዬ ቀየርኩት። አሉታው ከግሱ ጋር ወደ ሌላ ጽሑፍ የሚሻገር ከሆነ ዓረፍተ ነገሩን አፍርሳችሁ እንደገና ጻፉት።

አሁን በጣም ወደምወደው ጉዳይ ልምጣ፤ ወደ ቃላቱ። ፍጡራኑ በእንግሊዝኛ የሚጠሩበትን ስም መጀመሪያ «ጎብኚዎች» ብዬው ነበር። መዝገበ ቃላቱ እንደዚያ ነው የሚለው። አባቴ «ቱሪስት ናቸው እንዴ?» ሲሉኝ «እንግዶች» አልኩት። ያን ጊዜ ፊልሙ ሌላ ሆነ። እንግዳ በእኛ ቋንቋ የማናውቀው ሰውም ነው፣ ቤት የምናስገባው ሰውም ነው። አባቴ በሾፌርነት ዘመናቸው መኪና ተበላሽቶባቸው በየገጠሩ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» እያሉ አድረዋል። አንድም ቀን አልተመለሱም። ስለዚህ አና በሰላም መጣን ስትል እሳቸው የሰሙት ያንን ቃል ነው። በኋላ ተንኮሉ ሲገለጥ የተቆጡት ቁጣ ስለ ኅዋ ፍጡር አልነበረም። «እንግዳ ነኝ ብሎ ገብቶ!» አሉ፤ ሻይ እንኳን አልጨረሱም።

ቀጥሎ የመጣው ከራሳቸው ከእንግዶቹ ወገን ሆነው አናን በስውር የሚታገሉት ስም ነው። እንግሊዝኛው በቀጥታ «አምስተኛ ረድፍ» የምንለው ነው። ውስጥ ሆኖ ለጠላት የሚሠራ ማለት ነው። ቃሉ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1936 በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሲሆን፣ ወደ እኛም ገብቷል። ጻፍኩት። አባቴ ሲያነቡት ድምፃቸው ወረደ። በእሳቸው ትውልድ ጆሮ ይህ ሰው የሚከሰስበት ቃል ነው፤ ጥሩ ሰው አይጠራበትም። ማታውን እየተገላበጥኩ አሰብኩና «የውስጥ አርበኛ» አልኩት። በጣሊያን ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ከተማ ተቀምጠው ለጫካው አርበኛ መረጃ፣ መድኃኒትና ጥይት ያቀብሉ የነበሩት የሚጠሩበት ነው፤ እነ ሸዋረገድ ገድሌ። መንኮራኩሩ ውስጥ ጆሹዋ የሚባል ሐኪም አለ። የአና ታማኝ መስሎ ሌሎቹን ያተርፋል። የመጀመሪያው ሲዝን መጨረሻ ላይ ኤሪካ የምትባለው የኤፍቢአይ መርማሪ እንዳትጋለጥ ብሎ ራሱ «ተኩሺብኝ» ይላታል። ትተኩሳለች። አባቴ ድምፁን ዝጊው አሉኝና ዝም ብለን ተቀመጥን። «አምስተኛ ረድፍ» ብዬ ትቼው ቢሆን ያ ዝምታ የሚመጣ አይመስለኝም። አጠቃቀሜ ትክክል ነው አይደለም የሚል ይኖራል። እኔ ግን አቋሜን አልቀይርም፤ ቃሉ በተመልካቹ ውስጥ የሚያስነሳው ነገር የትርጉሙ አካል ነው።

አና በመንፈሷ ሕዝቧን የምታጥለቀልቅበት ደስታ ደግሞ አስጨነቀኝ። «ደስታ» ማለት ቀላል ነበር፤ ግን ሳሳብኝ። «ሐሴት» አልኩት። ይህ የጸሎት ቃል ነው፤ ለአና መስጠቱ ከበደኝ። ነገር ግን ተከታታዩ ራሱ የሚፈልገው ያንን ነው። በመጀመሪያው ክፍል መንኮራኩሩ ሲመጣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለው ትልቁ የስቅለት ምስል ተነቅሎ ይወድቃል፤ ቄሱ ጃክም ሕዝቡ በአና ማመኑን እያየ ይጨነቃል። የተቀደሰውን መስረቅ ነው ሥራዋ። (ቄሱን «አባ ጃክ» ነው ያልኩት፤ የካቶሊክ ካህን ስለሆነ ወዲያው ገባቸው።)

አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ የሚባለውን እንግሊዝኛ አይነግራችሁም። ሁሉም አንድ ነው። ስለዚህ ሥራ ሳትጀምሩ ማን ማንን እንዴት እንደሚጠራ ወረቀት ላይ ጻፉ። እኔ እስከ አምስተኛው ክፍል አልጻፍኩም ነበርና ጋዜጠኛው ቻድ አናን አንድ ቦታ «አንቺ»፣ ሌላ ቦታ «እርስዎ» ይላታል። በቀጥታ ቃለ መጠይቁ ሊጀመር ሲል ክፉ የሚያስመስለንን ነገር እንዳትጠይቅ ብላ ታስጠነቅቀዋለች። እዚያ ጋ «አንተ» እንድትለው አደረግኩ፤ እሱ «እርስዎ» ይላታል። ማን የማን አለቃ እንደሆነ በሁለት ቃል ታየ። ኤሪካም እውነቱን ካወቀች በኋላ አናን «እርስዎ» ማለቷን አላቆመችም፤ ጠላቷን ፊት ለፊት ማክበር ነበረባት። በሁለተኛው ሲዝን የአና እናት ዳያና ትመጣለች። አና እናቷን 15 ዓመት ከመንኮራኩሩ ሥር አስራ ነበር። ለእናቷ «አንቺ» አስባልኳት። አባቴ ቀና ብለው «እናቷን አንቺ?» አሉ። በእኛ ቤት እናት «እርስዎ» ናት።

የማልረሳው ስሕተቴ ግን ይህ ነው። ተከታታዩ ሳያልቅ መቆሙን ሳላጣራ ጀመርኩ። 18ኛው ክፍል ላይ ሆኜ ነው ያወቅኩት። እንዲህ ያለ ሥራ የሚጀምር ሰው መጀመሪያ መጨረሻው መኖሩን ይይ። ሰው ማታ ማታ ከታሪክ ጋር ይኖራል፤ ከሕመም የሚያገግም ሰው ደግሞ የበለጠ። ሦስት ቀን ደበቅኳቸው። በአራተኛው እራት ላይ ነገርኳቸው።

«አባባ፣ ፊልሙ አያልቅም። ከ22ኛው በኋላ አልሠሩትም።»

ትንሽ አሰቡና «እስካለበት ጻፊው» አሉኝ።

የመጨረሻውን ክፍል እንደሌሎቹ በሦስት ማታ አልጨረስኩትም፤ አንድ ሳምንት ሠራሁት። ሁሉም የሚወድቅበት ክፍል ነው። ዳያና በልጇ እጅ ትሞታለች። የኤሪካ ልጅ ታይለር ይሞታል። ከውስጥ አርበኞቹ አንዱ የሆነው ራያን በገዛ ልጁ ይታነቃል። ያ ሐሴት የምድርን ሕዝብ ያጥለቀልቀዋል። ኤሪካ ከመሬት በታች ወዳለ ምስጢራዊ ቦታ ትወሰዳለች፤ የሚወስዳትን ሰው የተጫወተው ማርክ ሲንገር ነው፣ የ1983ቱ ጀግና። ይህን ስነግራቸው «ሽማግሌው አርበኛ ተመልሶ መጣ ማለት ነው» አሉ። ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረ። አባቴ የተዋንያኑ ስም አልፎ እስኪያልቅ አልተነሱም። እግራቸው ድኖ ነበር፤ መነሳት ይችሉ ነበር።

አሁን ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። እኔ የ1983ቱን ጀምሬያለሁ። ታሪኩ ከመከፈቱ በፊት ሥራው ለትናንት፣ ለዛሬና ለነገ አርበኞች ጀግንነት በአክብሮት የተበረከተ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ይመጣል። ያንን ለመተርጎም መዝገበ ቃላት አልከፈትኩም። በስልክ ሳነብላቸው ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ፤ ከዚያ ፍላሹን በማን እንደምልክላቸው ጠየቁኝ።