ካምቢዮውን ከመክፈታችሁ በፊት ፍሪሲዮኑን እዩ

የቆየ ሞተር ሳይክል ያላችሁ ሰዎች፣ ማርሽ ስታስገቡ ግርጭጭ ስላለ ብቻ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ሄዷል ብላችሁ አትደምድሙ። እኔን ቀድሞ ያስጠነቀቀኝ ሰው ስላልነበረ አንድ ደህና ካምቢዮ ያለ በቂ ምክንያት ተፈታ፣ ተገጠመ፣ እንደገና ተፈታ። ጥፋቱ ግን ሌላ ቦታ ነበር። እናንተ ላይ እንዳይደርስ ነው የምጽፈው።

ሞተሯ የ1969 (እ.ኤ.አ.) ትራያምፍ ቦንቪል ቲ120 ናት። 650 ሲሲ፣ ባለ አራት ማርሽ። ከዛሬዎቹ ሞተሮች የምትለይበት ነገር ሦስት ቦታ ሦስት የተለያየ ዘይት መያዟ ነው፦ ኤንጂኑ የራሱ፣ ፍሪሲዮኑ (የኤንጂኑን ኃይል ከካምቢዮው የሚያገናኘውና የሚለየው) እና ሰንሰለቱ ያሉበት የግራው ክፍል የራሱ፣ ካምቢዮው የራሱ። ይህን ያላወቀ ሰው እጁን ባያስገባ ይሻላል።

ምልክቱ እንዲህ ነበር። ጠዋት አንደኛ ማርሽ ሲገባ ሞተሯ ወደ ፊት ትዘላለች። መብራት ላይ ቆሜ ፎሌ (ምንም ማርሽ ያልገባበትን ቦታ) ብፈልግ አላገኝም፤ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ። ኤንጂኑን ሳጠፋው ግን በጫማዬ ጫፍ ስነካው ፎሌ ይገባል።

ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ልብ በሉልኝ። ኤንጂን ጠፍቶ፣ ሞተሯን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየገፋችሁ ማርሾቹ ሁሉ ያለ ትግል ከገቡ፣ ካምቢዮው ብዙውን ጊዜ ደህና ነው። የማይለቀው ፍሪሲዮኑ ነው። በእጅ የሚሳበውን የፍሪሲዮን ሌቫ ሳብ ብታደርጉትም የኤንጂኑ ኃይል ወደ ካምቢዮው መሄዱን አላቆመም ማለት ነው። ሌላም መፈተሻ አለ። ትራያምፍ ላይ የእግር ማስነሻው ኤንጂኑን የሚያዞረው በፍሪሲዮኑ በኩል ነው። ስለዚህ ሌቫውን ይዛችሁ ፔዳሉን ስትረግጡ ኤንጂኑ መዞር የለበትም። ከዞረ ፍሪሲዮኑ ይዟል። አንድም ብሎን ሳይፈታ የሚታወቅ ነገር ነው።

ሞተሯን የወሰድኩበት መካኒክ ምልክቶቹን ስነግረው አልሰማኝም። "የድሮ ሞተር ካምቢዮው ነው ቶሎ የሚሄደው" አለና ፈታው። ጥርሶቹን አየኋቸው። ጫፋቸው አልተበላም፣ አልተሸረፈም። ሲገጥመው ደግሞ የማርሽ መምረጫውን በትክክል አላገናኘውም። እዚያ ቦታ ላይ አንድ ጥርስ ከተሳሳተ ከዳር ካሉት ማርሾች አንዱ አይገባም፤ የእኔም አራተኛ ማርሽ ጠፋ። እንደገና ተፈታ። በዚያው "ፍሪሲዮኑንም አድሼልሃለሁ" ብሎ ዲስኮቹን ሳይለውጥ የመሃሉን ኩሽኔታ ሮለሮች ብቻ ለወጠ። ሞተሯን ስረከባት ከመጀመሪያው የባሰ ትይዝ ነበር። ሲጠየቅ መልሱ "ትለምደዋለች" ነበር። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። ብረት አይለምድም። ወይ ይለቃል ወይ አይለቅም።

ከዚያ በኋላ ራሴ ገባሁበት።

መፍታቱ ብዙ ወሬ የለውም። የግራውን ክፍል ዘይት አፍስሱ። የግራውን ጭስ ማውጫ፣ የእግር ማሳረፊያውንና የፍሬን ፔዳሉን አንሱ፤ ከዚያ ሽፋኑ ይወጣል። መፍቻዎቻችሁ የኢንች ይሁኑ፤ በሚሊ ሜትር መፍቻ ከታገላችሁ የዳዶዎቹን ጠርዝ ትበሏቸዋላችሁ። ዲስኮቹን አጣብቀው የሚይዙት ሦስቱ ሞላዎች የተያዙት መሰንጠቂያ ባላቸው ዳዶዎች ነው። የእነሱ ካቻቢቴ መሃሉ የተቦረቦረ መሆን አለበት። እኔ አንድ ያረጀ ሰፊ ካቻቢቴ መሃሉን በሞረድ በልቼ ሠራሁት፣ እስከ ዛሬ ያገለግለኛል።

ዲስኮቹ ስድስት ልባስ ያላቸው፣ ስድስት ደግሞ ባዶ ብረት ናቸው። ባዶዎቹን አንድ በአንድ መስታወት ላይ አጋድማችሁ ዙሪያቸውን በፊለር ጌጅ (ጠባብ ክፍተት በሚለካ ስስ ብረት) ፈትሹ። የእኔዎቹ ሁለቱ ጎብጠዋል። የጎበጠን ዲስክ ቀጥቅጦ ማቅናት የሚባል ነገር ሰምቻለሁ፤ አታድርጉት፣ ለውጡት። በካምቢዮው ዘንግ ውስጥ የሚያልፈውን የግፊት ዘንግም አውጡና ጫፎቹን እዩ። የእኔው አንዱ ጫፍ ተቀጥቅጦ እንደ እንጉዳይ ተነፋፍቷል። ያ ማለት በሌቫው የምትስቡት ርቀት ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። እሱንም ለወጥኩት።

ሁሉንም ገጥሜ ሞከርኩ። ተሻለ፣ ግን አልለቀቀም።

ዋናው ጣጣ እዚህ ጋ ነው። እዚህ ቦታ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ "በቃ የድሮ ሞተር ጠባይ ነው" ይላል። የሞላዎቹን ዳዶ አላላሁ፣ ለውጥ የለም። ገመዱን ለወጥኩ፣ ለውጥ የለም። ሽፋኑ ክፍት ሆኖ ሌቫውን ሲስቡልኝ ዲስኮቹን የሚጫነው የግፊት ሰሌዳ ቀጥ ብሎ ሲነሳ፣ በዲስኮቹ መሃል ክፍተት ሲፈጠር በዓይኔ አየሁ። ዲስኮቹ ተላቅቀዋል። ግን የሆነ ነገር አሁንም ኃይሉን ያስተላልፋል። ዲስኮቹ ካልሆኑ ታዲያ ምንድን ነው?

ዲስኮቹን በሙሉ አወጣሁ። አንድም አልቀረም። ማርሽ አስገባሁና አንድ ሰው የኋላ ጎማውን ያዘልኝ፤ የመሃሉ እምብርት እንዳይዞር ነው። ከዚያ ከውጭ ያለውን፣ ሰንሰለቱ የሚዞርበትን የዲስኮቹን ማቀፊያ በእጄ ለማዞር ሞከርኩ። በዚህ ሁኔታ በጣት ተነክቶ መዞር ነበረበት፤ ሰንሰለቱና ኤንጂኑ እንዳያስቸግሩኝ ሰንሰለቱን ከኤንጂኑ ጥርስ ጋር አስቀድሜ አውጥቼዋለሁ። አልዞር አለ። በሁለት እጄ ይዤ ስጠመዝዘው እየተፋተገ፣ እየተጎተተ ነው የሚንቀሳቀሰው።

የእምብርቱን ትልቁን ዳዶ ሩብ ዙር አላላሁት። ማቀፊያው ተፈታ፤ በአንድ ጣት ገፋ ሳደርገው ዞረ። ዳዶውን መልሼ አጠበቅኩት። ተያዘ። አላላሁት፣ ዞረ። ሁሉም ነገር በዚያች ቅጽበት ግልጽ ሆነልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማቀፊያው እምብርቱ ላይ የሚዞረው በ20 ትናንሽ ሮለሮች ላይ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ የእምብርቱ ክፍሎች ተጠጋግተው ሮለሮቹንና ማቀፊያውን መሃላቸው ያስቀምጧቸዋል። የሮለሮቹ ውፍረት ሩብ ኢንች፣ ማለትም 6.35 ሚሊ ሜትር ነው። ርዝመታቸው ግን ከዚያ ያንሳል፤ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ነው። ያቺ ትንሽ ልዩነት ናት ነፃነት የምትሰጣቸው። መካኒኩ የገጠመልኝን ሮለሮች አውጥቼ በካሊፐር ለካኋቸው። ውፍረታቸው 6.35፣ ርዝመታቸውም 6.35። ዳዶው ሲጠብቅ ዳርና ዳር ይነክሳቸዋል። ይህ እያለ ምንም ዓይነት አዲስ ዲስክ፣ ምንም ዓይነት ማስተካከያ ፍሪሲዮኑን አያስለቅቀውም።

ሻጩ ጋ ይዣቸው ሄድኩ። መካኒኩ የገዛው ከእሱ ነው። ካሊፐሩን ይዤ አሳየሁት። "ሩብ በሩብ ነው፣ ስታንዳርድ ነው፣ ማንም አልመለሰም" አለኝ። ማንም ያልመለሰው ማንም ስላልለካ ነው። ፓኬቱ ላይ የሞተሯ ስም ተጽፎበታል፣ ውስጡ ያለው ግን ለእሷ የሚሆን አይደለም። የሰው ጊዜና ሞተር የሚበላው እንዲህ ያለ ግዴለሽነት ነው። ሁለት ደቂቃ ወስዶ ከትክክለኛው ጋር ቢያስተያየው ኖሮ ከዚያ በኋላ ያየሁት ልፋት አይኖርም ነበር።

እምብርቱን ከዘንጉ ለማውጣት የራሱ መንቀያ ያስፈልገዋል። ዘንጉ ሾጣጣ ስለሆነና እምብርቱም በጣም ስለሚነክስ በጉልበት አይወጣም። መንቀያው እምብርቱ ላይ ባለው የብሎን ጥርስ ይታሰርና መሃሉ ያለው ብሎን ሲጠብቅ "ጧ" ብሎ ይለቃል። ከእኔ በፊት የነካው ሰው በመዶሻ እንዳወጣው ጠርዙ ላይ ያለው ጠባሳ ይመሰክራል። መዶሻ የካምቢዮውን ኩሽኔታዎችም ይጎዳል፣ ዘንጉንም ያጎብጣል። መንቀያ ከሌላችሁ ሥራውን አትጀምሩ። ዳዶውን ስታጠብቁና ስታላሉ ፍሪሲዮኑን የሚይዝ ነገርም ያስፈልጋል፤ አንድ ያረጀ ባለ ልባስ ዲስክና አንድ ባዶ ዲስክ አንድ ላይ አስበይዱ፣ ከዚያ የተሻለ አይገኝም።

ትክክለኛዎቹን ሮለሮች በትንሽ ግራሶ ለጥፌ ደረደርኳቸው፣ ማቀፊያውን አለበስኩ፣ ዳዶውን በቶርክ መፍቻ 68 ኒውተን ሜትር አጠበቅኩት። ከዚያ፣ ዲስክ ከመግባቱ በፊት፣ ማቀፊያውን በጣቴ ዞር አደረግኩት። ድምፅ የለውም፣ ትግል የለውም። ይህን ፈተና ሳታልፉ ዲስክ አትደርድሩ። በየትኛውም መመሪያ ላይ በትልቁ መጻፍ የነበረበት ይህ ነው።

ሌላው ቶሎ ያልቃል። ሰንሰለቱ መጋጠሚያ ስለሌለው የኤንጂኑ ጥርስና ፍሪሲዮኑ አብረው ነው የሚገቡት። የሰንሰለቱ ጨዋታ (ልቅነት) ወደ 10 ሚሊ ሜትር ይሁን። የጄኔሬተሩን ክፍል ስትመልሱ በመሃሉ በሚዞረው ክፍል ዙሪያ 0.2 ሚሊ ሜትር ክፍተት መኖሩን አረጋግጡ፤ ከነካ ይፋቃል።

የሞላዎቹን ዳዶ በተመለከተ ከሞተሯ የጥገና መጽሐፍ ጋር አልስማማም። መጽሐፉ የብሎኖቹ ጫፍ ከዳዶው ጋር እኩል እስኪሆን አጥብቁ ይላል። እንደ መነሻ ጥሩ ነው። ግን ሞላዎች እኩል አያረጁም፣ አዲስ የተገዙትም እኩል አይሆኑም። እኔ የማደርገው ሌቫውን አስይዤ ማስነሻውን በእጄ ቀስ ብዬ መግፋትና የግፊት ሰሌዳውን ጠርዝ ማየት ነው። ሲዞር ከተወላገደ፣ ወደ ውጭ የወጣውን ጎን ዳዶ ትንሽ አጠብቃለሁ። ቀጥ ብሎ እስኪዞር ድረስ። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ግን ለስላሳ ሌቫ የሚገኘው እዚህ ነው እንጂ ውድ ገመድ በመግዛት አይደለም። ብዙ የሚያጠብቁ ሰዎች "እንዳይንሸራተት" ይላሉ። ሞላው ደህና ከሆነና ልባሱ ካላለቀ አይንሸራተትም።

ማስተካከያው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ገመዱን ሙሉ በሙሉ አላሉት። በግፊት ሰሌዳው መሃል ያለውን ብሎን የግፊት ዘንጉን እስኪነካ አስገቡ፣ ከነካ በኋላ አንድ ዙር መልሱ፣ ዳዶውን እሰሩ። ከዚያ ብቻ ገመዱን አጥብቁ፣ ሌቫው ላይ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ባዶ ጨዋታ ተዉ። ገመዱ ላይ ብቻ የሚያስተካክሉ ሰዎች በሽታውን ይሸፍኑታል እንጂ አይፈውሱትም።

ዘይት። ለግራው ክፍል መጽሐፉ ኤስኤኢ 20 የኤንጂን ዘይት ይላል። እኔ የማደርገው ታይፕ ኤፍ የሚባለውን የኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። ቀጭን ነው፣ ልባሱን የሚያንሸራትት ቅመምም የለውም፣ ጠዋት ላይ ዲስኮቹ ቶሎ ይላቀቃሉ። ግን ይህ የሚሠራው እስከ 1969 ባሉት ሞዴሎች ላይ ነው። ከ1970 ጀምሮ የኤንጂኑ መተንፈሻ በዚህ ክፍል በኩል ስለሚያልፍ ዘይቱ ከኤንጂኑ ዘይት ጋር ይገናኛል፤ እዚያ ላይ አታድርጉት። ነዳጅ ይቆጥባል ተብሎ የሚሸጥ ቀጭን የመኪና ዘይት ደግሞ እንዲህ በዘይት ውስጥ ከሚሠራ ፍሪሲዮን ጋ አይቅረብ። ያኔ በእውነት ይንሸራተታል።

ካምቢዮው ግማሽ ሊትር 90 ቁጥር ዘይት ነው የሚፈልገው። ጂኤል-4 የተጻፈበትን ግዙ። ጂኤል-5 "የተሻለ ነው" ይሏችኋል፤ ውስጡ ያለው የድኝ ቅመም የነሐስ ቡሾችን ሊበላ ስለሚችል እኔ አልሞክረውም። መጠኑን የምትለኩት ከታች ባለው ማፍሰሻ ነው። መሃሉ ላይ ትንሽ ብሎን አለ፤ ከውስጥ በኩል ቱቦ ተያይዞበታል። ሞተሯን ቀጥ አድርጋችሁ ትንሹን ብሎን ብቻ ፍቱና ከላይ ሙሉ። በትንሹ ቀዳዳ መንጠብጠብ ሲጀምር ልክ ሆኗል። ትልቁን ፈትቶ "ዘይቱ ሁሉ ፈሰሰ" የሚል መካኒክ አይቻለሁ። የወጣው ዘይት ውስጥ ብናኝ የሚያብለጨልጭ ነገር ቢታይ አትደንግጡ። ቅርፅ ያለው፣ በጣት የሚያዝ ስብርባሪ ከወጣ ግን አሁን ካምቢዮውን መክፈት ተገቢ ነው።

ጠዋት ከማስነሳቴ በፊት ሌቫውን እስከ መጨረሻው ይዤ የማስነሻውን ፔዳል ረገጥ ረገጥ አደርጋለሁ፣ ዘይት ያጣበቃቸው ዲስኮች እንዲላቀቁ። አሁን አንደኛ ማርሽ ያለ ምንም ግርጭጭታ ይገባል፣ ፎሌም ኤንጂኑ እየሠራ ቆሜ አገኘዋለሁ። በራሴ እጅ ስለሠራሁት በጣም ያኮራኛል።

ያ ሻጭ ዛሬም እነዚያኑ ሮለሮች ይሸጣል። ስትገዙ ካሊፐር ይዛችሁ ሂዱ፤ ውፍረቱን ሳይሆን ርዝመቱን ለኩ። ከርቀት የምታዙ ከሆነ ደግሞ ርዝመቱን በሚሊ ሜትር እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። "ስታንዳርድ ነው" ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።