ያንኑ አልበም ሶስቴ ሰማሁት
ዛሬ ሀዋሳ ዝናቡ አላስወጣ ስላለኝ ቤት ቁጭ ብዬ የድሮ የሮክ ሙዚቃዎቼን ሳዳምጥ ዋልኩ። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣውን የሮክ ባንዱን የፒንክ ፍሎይድን አልበም ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን መጀመሪያ ስልኬ ላይ ለአመታት በተቀመጠው በሰከንድ 128 ኪሎቢት በሆነ ኤምፒስሪ (ተጨምቆ ያነሰ የድምፅ ፋይል)፣ ቀጥሎ ከሲዲ በተገለበጠ ፍላክ በሚባል የድምፅ ፋይል፣ መጨረሻ ላይ ወንድሜ ድሮ በቀዳልኝ ካሴት ሰማሁት።

መክፈቻው ላይ ያለው የልብ ምት በሁሉም ደህና ነው፣ ግን ታይም የሚለው ዘፈን ላይ እነዛ የግድግዳ ሰአቶች ባንዴ ሲጮሁና የከበሮው ሲምባል (የናስ ሳህኑ) ሲመታ ኤምፒስሪው ውሃ ውስጥ እንደገባ ነገር ሽው ሽው ይላል፣ ምክንያቱም ፋይሉን ለማሳነስ ጆሮ አይሰማውም ብሎ የገመተውን ቆርጦ ይጥላል፣ ሲዲ እኮ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ነው፣ ከአስር እጥፍ በላይ! ፍላክ ፋይሉን ቢያሳንሰውም ከድምፁ ምንም አይጥልም። እውነቱን ለመናገር ግን እህቴ አይኔን አስጨፍና እየቀያየረች ስታጫውትልኝ ከ128ቱ የተሻለ ጥራት ያለውን የ320 ኪሎቢት ኤምፒስሪ ከፍላኩ መለየት አቃተኝ።

ካሴቱ ሹሹታ አለው፣ ቀጫጭኑ ድምፅ ደብዝዟል፣ ቢሆንም እስከመጨረሻው ሳላቋርጥ የሰማሁት እሱን ነው፣ ሽፋኑ ላይ የወንድሜ የእጅ ፅሁፍ አለ በቃ ናፈቀኝ።

ነገ የሌላው የሮክ ባንድ የሌድ ዜፕሊን ተራ ነው፣ ሀዋሳ ውስጥ ኦሪጅናል ሲዲ ያላችሁ በናታችሁ አውሱኝ 🙏