ሊጥ፣ ቂጣ፣ ባዘቶ

ሲያትል ከመጣሁ ይህ ዘጠነኛ ክረምቴ ነው። ክረምት ስል የፈረንጁን ማለቴ ነው፤ አገር ቤት በጋ የምንለውን ታኅሣሥና ጥርን። ስምንቱን ያሳለፍኩት ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት እየሮጥኩ ነው። በረዶ ሲጥል በመስኮት አየት አደርግና መጋረጃውን እዘጋለሁ። ጓደኛዬ ግን ሌላ ፍጥረት ናት። ነርስ ናት፤ የምትሠራው ሌሊት ነው። ዕረፍት ባገኘች ቁጥር ተራራ ላይ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትጨቀጭቀኝ "እሺ፣ አንድ ቀን" እያልኩ ስሸሻት ቆየሁ።

የያዘችኝ በቀኑ ነው። ሰኞ የፕሬዚዳንቶች ቀን ስለሆነ ሥራ ዝግ ነው። ዐቢይ ጾም የሚገባውም ያው ሰኞ። "ቅበላውን ተራራ ላይ እናድርገው፤ ክትፎው በእኔ" አለች። ሰበቤ ሁሉ ክትፎው ላይ ሲደርስ አለቀ።

አራት ሆነን ወጣን። እሷ፣ እኔ፣ ከአዲስ አበባ ከመጣ ስምንት ወሩ የሆነው የአጎቷ ልጅ፣ እና ጋሼ። ጋሼ የደባርቅ ሰው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር። ይንዱልን ብሎ የጠየቃቸው የለም፤ ቁልፉን ተቀብለው መሪው ላይ ተቀመጡ፣ አለቀ። ዓርብ ማታ የጎማ ሰንሰለቱን ፓርኪንግ ውስጥ ገጥመው፣ ፈትተው፣ እንደገና ገጥመው አይተውታል። ወደ ሬኒር ተራራ የሚሄድ መኪና ከኅዳር መጀመሪያ እስከ ግንቦት መጀመሪያ፣ በፈረንጁ ማለት ነው፣ ሰንሰለት ሳይዝ ፓርኩ ውስጥ መግባት አይችልም። አራቱም ጎማ የሚጎትት ቢሆን እንኳ።

የምንሄድበት ቦታ ፓራዳይስ ይባላል፤ ተራራው ላይ ነው፣ ስሙም ገነት ማለት ነው። ከሲያትል ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሎንግማይር የሚባል ቦታ በር አለ። ማታ ይዘጋል፤ ጠዋት በረዶ ጠራጊዎቹ መንገዱን ሲጨርሱ ይከፈታል። ስንደርስ ዝግ ነበር፤ ከፊታችን የመኪና ሰልፍ። ጋሼ ሞተሩን አጥፍተው "የገነት በር መቼስ ወረፋ አያጣውም" አሉ።

ስንጠብቅ የበረዶ መራመጃውን ተከራየን። እንግሊዝኛው ስኖውሹ ነው። ልጁ አንዱን አንስቶ ከላይ ከታች አገላብጦ አየውና "ይሄ ሰፌድ አይደለም እንዴ?" አለ። ከዚያ በኋላ ስኖውሹ ያለው ሰው አልነበረም። ሰፌድህን እሰር፣ ሰፌዴ ወለቀ፣ ሰፌድሽ ሰፌዴን ረገጠው። ሥራውም ያው ነው፤ ክብደትህን ሰፋ ባለ ቦታ ይበትነዋል፣ አትሰምጥም። ከሥሩ ጥርስ አለው፣ ዳገት ላይ ይነክሳል። የማይሆንልህ ወደ ኋላ መሄድ ብቻ ነው። እኔ ግን ሞከርኩት።

ፓራዳይስ ከባሕር ወለል 1,645 ሜትር ላይ ነው። ከአዲስ አበባ በብዙ ዝቅ ይላል። በረዶው ግን ሌላ ዓለም ነው። በ1971 እና 1972 መካከል በነበረው አንድ ክረምት ብቻ 28 ሜትር ተኩል ገደማ ወርዶበታል። የእንግዶች ማረፊያው ጣሪያ እንደ ጎጆ ክዳን ሹል ነው፤ በረዶ እንዳይቆለልበት። መኪና ማቆሚያው ዳር የተቆረጠው የበረዶ ግድግዳ ከኔ ቁመት ይበልጣል።

ጓደኛዬ ከመነሳታችን በፊት የበረዶ ናዳ ትንበያውን ስልኳ ላይ አይታለች። ገደላማውን ትተን ኒስኳሊ ቪስታ የሚባለውን አጭር መንገድ መረጠችልን፤ ዙሩ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሕግ ሰጠችን። ወደ ዛፎቹ ግንድ አትጠጉ። ጽዱ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በረዶው ሥሩ ድረስ አይገባም፤ ከቅርንጫፉ በታች ባዶ ጉድጓድ ይቀራል፣ ላዩ ግን ሜዳ ይመስላል። ሰው በጭንቅላቱ ይገባበታል።

ሃምሳ እርምጃ ሳልሄድ ወደቅሁ። ወደ ኋላ ልዞር ብዬ የግራ ሰፌዴን በቀኙ ረገጥኩት። መውደቁ አይደለም ችግሩ፤ መነሳቱ ነው። ምርኩዜን ስተክለው እስከ እጀታው ይገባል። እጄን ሳስደግፍ እስከ ትከሻዬ ይገባል። በጀርባዬ እንደ ጥንዚዛ ተኛሁ። ልጁ ሲስቅ እሱም ወደቀ። ጓደኛዬ "ሁለቱን ምርኩዞች መስቀል አድርጊና በረዶው ላይ አጋድሚያቸው፤ መሐላቸውን ተጫኚ" አለችኝ። ተጫንኩ፣ ተነሳሁ። ጃኬቴ ውስጥ የገባው በረዶ ወገቤ ላይ ሲቀልጥ ይሰማኛል።

"ይሄ ደግሞ ሊጥ ነው" አልኩ፣ ከጓንቴ ላይ እየጠረግኩ። እውነትም ሊጥ ነበር። ጨበጥ ስታደርገው ይጣበቃል። እዚህ አገር ስኪ የሚጫወቱ ሰዎች፣ ካስኬድ በሚባለው በዚህ የተራራ ሰንሰለት ስም፣ የካስኬድ ኮንክሪት ይሉታል፤ ከፓስፊክ የሚመጣው ደመና እርጥብ ስለሆነ በረዶውም ውሃ ያዘለ ነው።

ነገሩ ከዚያ ጀመረ። እኛ ሁሉንም በረዶ ነው የምንለው። ከሰማይ ቆርቆሮ የሚደበድበውም በረዶ፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውም በረዶ፣ ይሄም በረዶ። ጋሼ አልተስማሙም። "አመዳይን ረሳችሁት" አሉ። ደባርቅ ጠዋት ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ የሚገኘው። "በረዶ መትቶ ይሄዳል። አመዳይ ያድራል።" ከዚያ አራታችንም ስም ማውጣት ያዝን። ከዛፉ ጫፍ ላይ ቀስ ብሎ የሚንሳፈፈው ባዘቶ። ጥላ ውስጥ ያልተነካው፣ ስትነፋው ብን የሚለው፣ የጤፍ ዱቄት። ሰፌድ የረጋገጠው የመንገዱ ዳር ቅንጬ። የምግብ ስም መብዛቱ በረሃብ ነው፤ ከቁርስ በኋላ ምንም አልቀመስንም።

መንገዱ መጨረሻ ላይ ስንደርስ ደመናው ተከፈተ። የሲያትል ሰው ቀኑ ሲጠራ "ዛሬ ተራራው ወጥቷል" ይላል፤ እኔም ከአውቶቡስ መስኮት እንደ ፖስትካርድ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ከዚህ ሲያዩት ግን ቀና ማለት ያስፈልጋል። የበረዶ ግግሩ ስንጥቅ ሰማያዊ ነው። ማንም አልተናገረም። ዝምታውን የሰበሩት ጋሼ ናቸው።

"ስንት ነው ቁመቱ?"

"4,392" አለች ጓደኛዬ።

"ራስ ደጀን 4,533 ነው" አሉ ረጋ ብለው። "እንበልጣለን።"

ታዲያ ለምን እንዲህ በረዶ አይለብስም ብሎ ልጁ ጠየቃቸው። ምድር ወገብ ስለሚቀርበው ነው ልል አፌን ስከፍት ጋሼ ቀደሙኝ። "እኛ ጋ ዝናቡ ሐምሌ ይመጣል፣ ብርዱ ኅዳር። ተኳርፈው ነው የሚኖሩት። እዚህ ታርቀው አንድ ላይ ይመጣሉ።" ሌላ ምክንያት እንዳለው አውቃለሁ። ከዚህ የተሻለ አድርጎ የነገረኝ ሰው ግን የለም።

ያደርነው አሽፎርድ ነው፤ ከፓርኩ በር ውጭ ባለችው ትንሽ መንደር የእንጨት ቤት ተከራይተን። ክትፎው ለብ ለብ ተደረገ። እንጀራው መኪና ኋላ ቆይቶ ጠርዙ ደርቋል፣ ማንም አላማረረም። ስለዚያ ምሽት ብዙ የምለው የለኝም፤ በልተን እንደ ድንጋይ ተኛን።

እሁድ ጠዋት ልጁ "ቡናውን በበረዶ እናፍላው" አለ። ቧንቧ አጠገባችን አለ። ግን ደጁ ላይ ያን ሁሉ እያየ ማን እምቢ ይለዋል? ትልቁን ድስት ጠቅጥቄ ሞልቼ ጣድኩት። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ሽታ መጣ። ለካ መጀመሪያ ከሥሩ ጥቂት ውሃ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ በረዶው ከሥር ያለውን ቅልጥ እንደ ስፖንጅ ይመጥና ድስቱ በደረቁ ይነዳል። ጓደኛዬ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። "በረዶ ያሳረረች ሴት!" ስሜ እሱ ሆኖ ቀረ። በሁለተኛው ድስት ውሃ ጨመርኩ። ያ ሁሉ ክምር ቀልጦ ጀበናዋን እንኳ በቅጡ አልሞላም። ሦስት ጊዜ ወጥቼ አመጣሁ። ጋሼ ቅዳሴ ስላመለጣቸው ጠዋቱን ሙሉ ፊታቸው ጠቆር ብሎ ነበር፤ ሁለተኛው ስኒ ላይ ፈታ አሉ። ቡናው ጭስ ጭስ ይላል። አቦል ብቻ ጠጥተን ወጣን።

ሌሊቱን በርዶ ስለነበር የትናንቱ ሊጥ ላዩ ደርቆ ቂጣ ሆኗል። በእያንዳንዱ እርምጃ ቀጭ ይላል። እየሄዱ ማውራት አይቻልም፤ የራስህን እግር ብቻ ነው የምትሰማው። የሚናገር ካለ ይቆማል፣ ሁሉም ይቆማል፣ ይደመጣል፣ ይቀጠላል። አንድ ሰዓት ያህል ተራመድን። ምናልባት አምስት ጊዜ ቆመናል። አንዴ ጓደኛዬ ቆመችና "ባለፈው ሳምንት አንድ በሽተኛ ሞተብኝ" አለች። ቆምን። ከዚያ በላይ አልተናገረችም። ጋሼ "ነፍስ ይማር" አሉ፤ ትንሽ ቆየንና ቀጠልን።

ሰኞን በሽሮ ጀመርኩ። ጭኔ ደረጃ ላይ አልታዘዝ ብሎኛል። ማክሰኞ ጠዋት ከተማው ላይ በረዶና ዝናብ ተቀላቅሎ ወረደ። ልጁ የአውቶቡስ ማቆሚያውን ፎቶ አንስቶ ላከልን፤ ግራጫ ውሃ፣ ግማሽ የቀለጠ፣ ጫማው ውስጡ። "ይሄንንስ ምን እንበለው?" ብሎ ጻፈ።

ጋሼ መጻፍ አይወዱም። ድምፅ ላኩ፤ ሦስት ሰከንድ ነው።

"አጥሚት።"