24 ሰከንድ ውጊያ፣ 44 ደቂቃ ጨዋታ

እሁድ ከሰዓት ደሴ ላይ አራት ተጫዋቾችና አንድ መሪ ለሚና ጨዋታ ተሰበሰቡ እንበል፤ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ ይናገራል፣ ይወስናል፤ መሪው ታሪኩንና ጠላቶቹን ያንቀሳቅሳል። ከ8 ሰዓት እስከ 11 ተኩል፤ ከዚያ በላይ አይቻልም፣ ከኮምቦልቻ የመጣው ሳይመሽ ሐረጎን መውረድ አለበት። ቡናው እስከ በረካው የሚጠጣ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። ለጨዋታ የሚተርፈው 180 ደቂቃ ነው።

አሁን አንድ ውጊያ እናስላ። እያንዳንዱ ተጫዋች በተራው 2 ደቂቃ፣ መሪው ለጠላቶቹ 3 ደቂቃ ቢወስድ አንድ ዙር 11 ደቂቃ ነው። አራት ዙር 44 ደቂቃ ሆነ። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በሚባለው የሚና ጨዋታ አምስተኛ እትም አንድ ዙር 6 ሰከንድ ስለሆነ በታሪኩ ውስጥ ያለፈው 24 ሰከንድ ብቻ ነው። ሦስት እንዲህ ያለ ውጊያ ካስገባችሁ 132 ደቂቃ ሄደ፤ ድርድሩም፣ ጉዞውም፣ ምስጢር ፍለጋውም በቀረችው 48 ደቂቃ ይጨናነቃል።

ብዙ መሪ ይህን ሲያይ ውጊያ ይቀንሳል። አይሠራም። ውጊያ ድርድሩንና ወሬውን የሚያሸንፈው ስለበዛ ሳይሆን ሦስት ነገር ስላለው ነው፤ ተራ፣ ዋጋ፣ ማለቂያ። ማን እንደሚቀጥል ይታወቃል፣ የተሳሳተ ይቆስላል፣ ጠላት ሲወድቅ ያበቃል። ወሬው ግን ተራ የለውም። አንደበተ ርቱዑ ብቻውን ያወራል፣ ሦስቱ ስልካቸውን ይነካካሉ፣ መሪው ሲሰለቸው «እሺ፣ ተስማማ» ይላል። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በ1974 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ከአሻንጉሊት ወታደሮች የጦር ጨዋታ የተወለደ ነውና የውጊያው ሕግ ቢወፍር አይገርምም። ሆኖም በቀደሙት ሕጎች አንድ የወርቅ ሳንቲም አንድ የልምድ ነጥብ፣ ማለትም ገጸ ባሕርይው የሚያድግበትን ነጥብ፣ ያስገኝ ነበር፤ ጭራቅ መግደል የሚሰጠው ከዚያ ያነሰ ስለነበር ብልህ ተጫዋች ከውጊያ ይሸሽ ነበር። ነጥብ በተቆረጠ ራስ ብቻ የምትሰጡ ከሆነ ራስ ይቆረጥላችኋል። ነጥቡን ለግቡ ስጡ፤ ጨው ጫኙ ሲራራ በሰላም ካለፈ፣ በሰይፍም ይለፍ በምላስ፣ ያው ነጥብ።

ድርድሩን በምሳሌ እንየው። ከባቲ አሞሌ ጭነው ሽቅብ የሚወጡ ግመሎች አሉ፤ መተላለፊያውን ሽፍታ ዘግቶታል። ለእኛ አገር ተጫዋች ሽምግልና ማስተማር አያስፈልግም፤ የራሱ ተራና ወግ ያለው ሥርዓት ስለሆነ ለጨዋታ እንደ ተሰፋ ልብስ ነው። በሦስት ደረጃ ክፈሉት፦ ማን ይላካል፣ የቂሙ ሥር ምንድን ነው፣ ካሳው ምንድን ነው፣ ዋሱስ ማን ነው። የሚናገረው ራሱ ዳይሱን ይጣል፤ ከደረጃ ደረጃ ግን ተጫዋቹ ይለዋወጥ። ከሦስት ስህተት በፊት ሦስት ጊዜ ከተሳካ ሽፍታው መንገድ ይለቃል።

ዳይሱ ላይ የወጣው ከተጫዋቹ የችሎታ ቁጥር (ተደማሪ) ጋር ተደምሮ ዒላማው ላይ ከደረሰ ሙከራው ይሳካል። ዒላማው 15፣ የተጫዋቹ ተደማሪ 5 ከሆነ በባለ 20 ገጽ ዳይስ አንዱ ሙከራ የሚሳካው 55 በመቶ ነው፤ ጠቅላላ ሽምግልናው 59 በመቶ ገደማ። ጥሩ ነው፣ ልብ ያንጠለጥላል። መጀመሪያ ይናገር፣ ከዚያ ይጣል። ነገሩን ከሥሩ የያዘ ንግግር ከሆነ ዒላማውን ወደ 10 አውርዱት፤ ዕድሉ 80 በመቶ ይሆናል። ዓይን አፋሩን ግን ቅኔ አትጠይቁት፤ «ምን እፈልጋለሁ፣ ምን እሰጣለሁ» ካለ በቃ። ሰይፈኛ የሚጫወተውንም ጉልበትህን ለማሳየት ተነስተህ ድንጋይ አንሳ አላልነውም።

እያንዳንዱ ስህተት ዋጋ ያስከፍል። አንዱ አንድ ቀን ይፈጃል፣ የግመሎቹም ውሃ ይቀንሳል፤ ሌላው አንድ ግመል ያስቀራል፤ ሦስተኛው ሲመጣ ሽፍቶቹ በሁለት ሰው ጨምረው ይጠብቃሉ። «አልተሳካም፣ ድገም» የሚባልበት ቤት ውስጥ ድርድር ይሞታል።

ጉዞም እንደዚሁ ነው፤ ጭጋጉን በቃላት ከመሳል ምርጫ ስጡ። አጭሩ ዳገት ጭጋግ አለው፣ ረጅሙ ውሃ ይጨርሳል።

ውጊያውን ለማሳጠር ደግሞ የጠላትን ልብ፣ ማለትም ወኔውን፣ በቁጥር ለኩ። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የዚሁ ጨዋታ ቀላሉ ሕግ ለዚህ ሁለት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ይጠቀማል፤ የሉዶው ይበቃል። ከጠላት የመጀመሪያው ሰው ሲወድቅና ግማሹ ሲወድቅ ትጥላላችሁ፤ ድምሩ ከልባቸው ቁጥር ከበለጠ ይሸሻሉ ወይ እጅ ይሰጣሉ። ቁጥሩ 7 ከሆነ ዕድሉ በየሙከራው 42 በመቶ ገደማ ነው። ሽፍታ ሞኝ አይደለም፣ እስከ መጨረሻው ሰው አይዋጋም።

ብዙ ጊዜ የማይታየው ስህተት ግን እረፍቱ ላይ ነው። የአምስተኛው እትም የመሪ መጽሐፍ (2014 እ.ኤ.አ.) በሁለት ረጅም እረፍት፣ ማለትም ጉልበትና ድግምት በሚመለስበት የሌሊት እንቅልፍ፣ መካከል ከ6 እስከ 8 መካከለኛ ወይም ከባድ ግጥሚያ እንዳለ ያስባል። በ180 ደቂቃ ያ የሚሆን አይደለም። አንድ ውጊያ ብቻ አድርጋችሁ ሌሊቱን ካስተኛችኋቸው አስማተኛው ያለውን ድግምት ሁሉ በሁለት ዙር ይጨርሳል፣ ሰይፈኛው ተመልካች ይሆናል፣ መሪው ደግሞ ጠላቱ ደካማ መስሎት ጭራቅ ይጨምራል፤ ውጊያው ይረዝማል፣ ወሬው ይጠብባል። መፍትሔው ረጅም እረፍትን ከእንቅልፍ መነጠል ነው፤ ሲራራው ከተማ ሲደርስ ብቻ ይሰጥ። አንዱ «ቀን» ሦስት እሁድ ይፈጃል። ያኔ ድግምት ለውጊያም ለሽምግልናም እኩል ብርቅ ይሆናል፣ ተጫዋቹም አስማቱን ለየቱ እንደሚያውለው ማሰብ ይጀምራል።

ስለ ዳይስ አንድ ነገር ልጨምር። ባለ 20 ገጹ ሲጠፋ ሦስት የሉዶ ዳይስ የሚደምሩ አሉ፤ አማካዩ ያው 10.5 ስለሆነ ልዩነት የሌለው ይመስላል። አለው። ከላይ ያልነው 55 በመቶ ወደ 62.5 ይወጣል፤ ምንም ተደማሪ የሌለው ሰው 15 የሚያገኝበት ዕድል ግን ከ30 ወደ 9 በመቶ ይወርዳል። የሠለጠነው ብቻ ያወራል፣ ሌላው ዝም ይላል፤ ለተዋጊዎቹ ድርድር ተዘጋ ማለት ነው። ይልቅ 20 ቆርኪ ሰብስቡ፣ ከ1 እስከ 20 ጻፉባቸው፣ ከረጢት ውስጥ ጨምራችሁ አንድ አንድ አውጡ። ያወጣችሁትን ግን ወዲያው መልሱ፤ ካልመለሳችሁ አንዴ 20 ከወጣ፣ ሌላው ሁሉ ወጥቶ እስኪያልቅ ማንም 20 አያይም።